ከአሥሩ ዘጠኙ

«መከራ እምነትን ያጠነክራል» ሲባል ሰምተን ሰምተን መጠራጠሩን ትተነዋል። ሰባኪው ይለዋል፤ ለቅሶ ቤት ለማጽናናት የሄደው ሰው ይለዋል፤ የታሪክ ጸሐፊም ቢሆን ሲቸግረው ይለዋል። ውሸት ነው አልልም። ግን ሙሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ያለፉት አምስት መቶ ዓመታት ታሪካችን ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። እስቲ ነገሩን ከአዲስ አበባ ወደ ናዝሬትና ወደ ዝዋይ በሚወርደው መንገድ ላይ ሆነን እንየው። (ናዝሬት ማለቴን የማይወድልኝ ሰው አይጠፋም። ከተማዋ በይፋ አዳማ ከተባለች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ አዳማ ደግሞ የጥንት የኦሮሞ ስሟ ነው። ናዝሬት ያሏት አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። የማወራው ታሪክ አብዛኛው የተፈጸመው በዚያ ስም ስትጠራ በነበረበት ዘመን ስለሆነ፣ ሁለቱንም ስም እየቀያየርኩ ብጠራት አትቀየሙኝ።)

ዱከምን፣ ቢሾፍቱን አልፎ ሞጆ እስኪደርስ ድረስ መንገደኛው የሚያየው ጤፍና ሽምብራ፣ አሁን አሁን ደግሞ የፋብሪካ ቆርቆሮ ነው። በዚህ አካባቢ በመጋቢት 1521 ዓ.ም. የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ተደርጓል። የአፄ ልብነ ድንግል ሠራዊት ከኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ ማለትም ከግራኝ፣ ሠራዊት ጋር ገጥሞ ተሸነፈ። በቁጥር የሚበልጠው የንጉሡ ጦር ነበር ይባላል። ዛሬ ቦታውን የሚያመለክት ነገር ፈልጎ የሚቆም መንገደኛ አላየሁም። ሁሉም ወደ ናዝሬት ይቸኩላል።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ፤ ንጉሡ ከአምባ አምባ ሲሸሹ ኖረው በ1533 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደብረ ዳሞ አረፉ። ታዲያ ብዙ ጊዜ ሳናስበው የምናልፈው አንድ ነገር አለ። የዘመኑ ዜና መዋዕል የሕዝቡን ሁኔታ ሲገልጥ፣ በሃይማኖቱ ጸንቶ የቀረው ከአሥሩ አንድ ያህል እንኳ አይሆንም ይላል። ጸሐፊው እየዞረ ሰው አልቆጠረም፤ የኀዘን አነጋገር ነው። ቢሆንም ይህን የጻፈው ጠላት አይደለም፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ ልጅ ነው። መከራ እምነትን ያጠነክራል የሚለውን አባባል የሰማ ሰው ይህን ገጽ ሲያነብ ምን ይላል?

እኛ የለመድነው ስለ አንዱ መተረክ ነው። ስለ አንዱ ገድል ይጻፋል፣ መልክ ይደረሳል፣ ጽላት ይቀረጻል። ዘጠኙ የት ገቡ?

በዚያን ጊዜ የነበሩ አባቶች ግን ይህን ጥያቄ ከእኛ በተሻለ የያዙት ይመስለኛል። ግራኝ በየካቲት 1535 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ፣ ከነዘጠኙ ጋር እንዴት እንኑር የሚለው ጉዳይ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አልነበረም። ሚስት የጸናች፣ ባል የካደ፤ አባት የሸሸ፣ ልጅ የሰለመ፤ ሁሉም ወደ አንድ መንደር ነው የሚመለሱት። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ተመላሾቹ እንዲቀበሏቸው ተደረገ። ለዚህ የሚሆን ጸሎትም ነበረ፤ መጽሐፈ ቄድር። እስከ ዛሬ «ቄድር ተጠመቀ» ሲባል የምንሰማው ይኸው ነው። ካህኑ በውሃ ላይ ይደግማል፣ ተመላሹ ይረጫል ወይም ይጠመቃል፣ ንስሐ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ከሰው እኩል ይቆማል። እንግዲህ የመከራ ጊዜ ጸሎት ስንል የጸናው ሰው የጸለየውን ብቻ ነው የምናስበው። ቄድር ግን ላልጸናው ሰው የተዘጋጀ ጸሎት ነው። ከዚያ ሁሉ እሳት የወጣ ትልቁ ሀብት እሱ ይመስለኛል።

አንዱን ደግሞ እንየው። ሞጆ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ግራ ናዝሬት፣ ወደ ቀኝ ዝዋይና ሻሸመኔ። ወደ ቀኝ የታጠፈ ሰው ቆቃን አልፎ ከዝዋይ ሐይቅ ይደርሳል። ከሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ። ትልቋ ቱሉ ጉዶ ናት፤ በቤተ ክርስቲያን ስሟ ደብረ ጽዮን። የደሴቶቹ ሰዎች ዘይ ይባላሉ። ቋንቋቸው ከስልጥኛና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም ይናገሩታል።

በአፈ ታሪካቸው መሠረት ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው እስከዚህ ድረስ ሸሽተው ዓመታት አቆይተዋታል። ሌላው ትውፊት ደግሞ ብዙዎቹ በግራኝ ጊዜ ከሸዋ የሸሹ ናቸው ይላል። ሁለቱም በየተራው ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ደሴት ለአንድ ጊዜ ስደተኛ ብቻ አትሆንም። እኔን የሚገርመኝ ሽሽቱ ሳይሆን ከሽሽቱ በኋላ ያለው ኑሮ ነው። ከግራኝ ጦርነት በኋላ በሐይቁ ዙሪያ ያለው አገር ተለወጠ። ኦሮሞው ሰፈረበት፤ የንጉሡ ከተማ ወደ ጎንደር ራቀ፤ ጳጳስ የሚልክ፣ ሜሮን የሚያደርስ፣ ካህን የሚሾም ቅርብ አልነበረም። ሦስት መቶ ዓመት ያህል እንዲህ ነው የተኖረው። ምኒልክ በ1870ዎቹ አርሲን ሲያስገብሩ እስከ ሐይቁ በደረሱ ጊዜ በደሴቶቹ ላይ ክርስቲያን ነን የሚሉ ሰዎችና የግዕዝ ብራናዎች ተገኙ።

ይህን ታሪክ ስንተርከው ብዙ ጊዜ ተአምር እናደርገዋለን። እኔ ግን ሥራ ነው እላለሁ። ብራና እርጥበት ይጠላል፤ አይጥም ይወደዋል። ሐይቅ መሐል ላይ መጽሐፍ ለሦስት መቶ ዓመት እንዲቆይ በየትውልዱ አንድ ሰው ሊጠነቀቅለት፣ ፀሐይ ሊያስነካው፣ ማኅደሩን ሊለውጥ ያስፈልጋል። ምናልባትም ያ ሰው መጽሐፉን ማንበብ አይችልም። ጾሙን ቀን የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። ሕፃን በአርባ ቀኑ እንደሚጠመቅ የምታስታውስ አያት ታስፈልጋለች። ከአርሲ ገበያ ጋር ዓሣና ሽማ ተለዋውጦ እህል የሚያመጣ ታንከኛ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከጎረቤት ጋር ተጣልቶ ደሴት ላይ ሦስት መቶ ዓመት የሚኖር የለም። ከበቡን፣ ታገልናቸው የሚለው ትረካ ይህን የገበያ ቀን ይረሳዋል። የዘይ ሰው ኦሮምኛ የቻለው በጦር ሜዳ ላይ ተምሮ አይደለም።

ዋጋም ተከፍሎበታል። እንዲህ ተነጥሎ የኖረ እምነት ከመጽሐፉ ይልቅ ልማዱን፣ ከትርጓሜው ይልቅ ቁጥሩን እንደሚይዝ የታወቀ ነው። ማን ይፈርድባቸዋል? መከራ እምነትን ያጠነክራል ከምንል፣ መከራ እምነትን ያሳንሳል፣ በእጅ ሊያዝ እስኪችል ድረስ ያሳንሳል ብንል ለዝዋይ ይቀርባል።

አሁን ወደ ሞጆ ተመልሰን የግራውን መንገድ እንያዝ። ዘመኑም ሌላ ነው፣ ክርስቲያኖቹም ሌሎች ናቸው፤ ጥያቄው ግን ያው ነው።

ጣልያን ከወጣ በኋላ በናዝሬት አንድ የጥጥ መዳመጫ ቤት ባዶውን ቀርቶ ነበር። የሜኖናይት የእርዳታ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1946 እሱን ወደ ሆስፒታል ለወጡት። ስሙ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ተሰየመ፤ የዛሬው የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ነው። የውጭ ሚሲዮኖች ሥራ በ1936 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ የተወሰነ ነበር። አገሩ ለሁለት ተከፍሎ፣ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በጸናበት አካባቢ ሚሲዮን ማከምና ማስተማር እንጂ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ሰው ወደ ራሱ መውሰድ አይፈቀድለትም። ናዝሬት ከዚህኛው ክልል ነበረች። ማስተማሪያው ቋንቋም አማርኛ እንዲሆን ተደነገገ። እዚህ ላይ ጥቂት መቆም ያስፈልጋል። በናዝሬት ዙሪያ ያለው ገበሬ ኦሮሞ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ፣ በግዕዝ ፊደል፣ እ.ኤ.አ. በ1899 አሳትሞ ነበር። መጽሐፉ ካለ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎት እያለ፣ የቦሰቱ ወይም የሉሜው ገበሬ የታመመ ልጁን አቅፎ ሆስፒታሉ በር ላይ ሲቆም የሚጸለይለት በሌላ ሰው ቋንቋ ነበር። በሁለቱም ወገን፣ በቤተ ክህነቱም በሚሲዮኑም። ሰው ሲጨንቀው በእናቱ ቋንቋ ነው የሚጮኸው፤ ይህንን ለመረዳት የሃይማኖት ሊቅ መሆን አያሻም።

በሆስፒታሉ ድሬሰሮች ይሠለጥኑ ነበር። እነዚህ ወጣቶች ሲመረቁ ወደ ወንጂ ስኳር ፋብሪካና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደው መርፌ ይወጋሉ፣ ቁስል ያጥባሉ፣ ማታ ማታ ደግሞ ተሰብስበው ይጸልያሉ። ከዚህ ሁሉ ቀስ ብላ የወጣችው ቤተ ክርስቲያን መሠረተ ክርስቶስ ተባለች። በ1950ዎቹ ደግሞ የአፄ ገላውዴዎስ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እንግሊዝኛ ለመማር ብለው ከሚሲዮናውያን ጋር ወንጌል ማንበብ ጀመሩ። ከእነሱ መሐል ሰማየ ብርሃን የተባለው የወጣቶች እንቅስቃሴ ተነሣ። የትምህርት ቤቱን ስም ልብ በሉልኝ፤ ዘጠኙን የተቀበለው ንጉሥ ነው። ከተማው ግን እነዚህን ልጆች አልተቀበለም። ቤተሰብ አስወጣ፣ ጎረቤት ሰደበ፣ «ጴንጤ» የሚለው ቃል እንደ ድንጋይ ይወረወር ነበር። የንጉሡ መንግሥትም ቢሆን ጨዋ አልነበረም፤ በ1964 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ 250 ያህል የሙሉ ወንጌል አማኞች በአንድ ጊዜ ታስረዋል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ደርግ ለሁሉም የሚሆን ዱላ ነበረው። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መሬቷን አጣች፤ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ። የቀበሌ ስብሰባ እሑድ ጠዋት ይጠራል፤ በቅዳሴና በአምልኮ ሰዓት ማለት ነው። ያልመጣ ስሙ ይመዘገባል። ግራ እጅን ጨብጦ መፈክር ማሰማት ግዴታ ነው፤ አላደርግም ያለ «ፀረ አብዮት» ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን አስቡት፤ እጅህን ማንሳት ብቻ ነው፣ ዳቦ የሚገዛበትን የቀበሌ ካርድ የሚሰጠው ያው ሰው ነው፣ ልጆችህ ቤት ይጠብቁሃል። ስንቱ አነሳ? አብዛኛው አነሳ። አሁን ይህን የምናነበው ሰዎችም ብዙዎቻችን እናነሳ ነበር።

በጥር 1974 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ገና እንዳለፈ፣ መሠረተ ክርስቶስ ተዘጋች። ጸሎት ቤቶቿ ታሸጉ፣ ንብረቷ ተወረሰ፣ ናዝሬት ያለው የመጽሐፍ ቅዱስ አካዳሚዋም አልቀረላትም፤ መሪዎቿ ታስረው ያለ ፍርድ ከአራት ዓመት በላይ ቆዩ። ታሳሪዎቹ ውስጥ እንደ ሻምሱዲን አብዶና ኪሮስ ቢሆን ያሉ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ስም የእስላም ቤት ስም፣ ሌላው የተዋሕዶ ቤት ስም መሆኑን አስተውላችኋል? ቤተ ክርስቲያኒቱ ከማን ቤት እንደተሰበሰበች ከዚህ በላይ የሚነግር የለም፤ ቤተሰቦቻቸውም ምን ያህል እንደተጨነቁ መገመት ነው።

ጸሎቱ ወደ ሳሎን ገባ። አምስት ስድስት ሰው፣ ከዚያ ቢበዛ ሰባት። አንድ በአንድ ይገባል፣ አንድ በአንድ ይወጣል። ቡድኑ ሲያድግ ለሁለት ይከፈላል። መዝሙር በሹክሹክታ ነው። ሰው በባህሉ የሚሰበሰብበት ሁሉ፣ ሰርጉ፣ ለቅሶው፣ ልደቱ፣ ቡናው፣ መማማሪያ ሆነ። አውደ ምሕረት ላይ ቆመው የማያውቁ ሴቶች ቡድን መሪ ሆኑ፤ ምክንያቱም ወንድ ወጣ ገባ ሲል ይታያል፣ ሴት ጎረቤት ቡና ጠጥታ ብትመለስ ማን ያያታል? ለሦስት መቶ ዓመት ዝዋይ ላይ የተሠራው ሥራ እዚህ በአሥር ዓመት ውስጥ፣ በኪራይ ቤት ውስጥ፣ በቀበሌ ጥበቃ አጠገብ ተሠራ። አሠራሩ ያው ነው። ቀን የሚቆጥር፣ መጽሐፍ የሚደብቅ፣ ከጎረቤት ጋር የሚስማማ ሰው።

ደርግ ሲወድቅ ቁጥሩ ሁሉንም አስገረመ። ስትዘጋ 5,000 ገደማ አባላት የነበሯት ቤተ ክርስቲያን ከ34,000 በላይ ሆና ወጣች። 14 የነበሩት አጥቢያዎች 53 ሆኑ። ዛሬ በዓለም ካሉት የሜኖናይት ወገን አብያተ ክርስቲያናት ትልቋ እሷ ናት። ይህ ቁጥር በውጭ አገር መጻሕፍት ሳይቀር ደጋግሞ ይጠቀሳል፤ ሁልጊዜም «እነሆ መከራ እምነትን ያጠነክራል» ለማለት ነው የሚጠቀሰው።

እኔ ቁጥሩን አልጠራጠርም። የምጠራጠረው የሚሰጠውን ትርጉም ነው። አንደኛ፣ ያሳደገው መከራው ሳይሆን እነዚያ ሴቶች ናቸው። መከራ ብቻውን ቢያሳድግ ኖሮ በቅጥቀጣ ብዛት ዓለም ሁሉ ቅዱስ በሆነ ነበር። በሰሜን አፍሪካ የቅዱስ አውግስጢኖስ ቤተ ክርስቲያን፣ በጃፓን የአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ክርስቲያኖች፣ ኖባ፣ ስንቱ በመከራ አልቋል ወይም ተመናምኗል፤ ስለ እነሱ ግን «ምስክርነት» የሚሰጥ ስለሌለ አንሰማም። ሁለተኛ፣ 34,000ው ውስጥ የ1974ቱ 5,000 ሁሉም አሉ ወይ? አባልነቱን ክዶ የፈረመ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ያቃጠለ፣ የጓደኛውን ስም የተናገረ፣ ወይም ዝም ብሎ እሑድ እሑድ ከቤት መውጣት ያቆመ ሰውስ? ጨርሶ የለም ማለት የሰውን ልጅ አለማወቅ ነው። የቆጠራው መዝገብ ግን ለእሱ የሚሆን ዓምድ የለውም።

ሌላም ዓምድ የለውም፤ ለጎረቤት። ናዝሬት ላይ ጸሎት ቤቶች ሲታሸጉ ብዙው የከተማው ክርስቲያን ምን አለ? በአብዛኛው ዝም አለ። አንዳንዱም እሰይ አለ፤ ይህን መካድ አይቻልም። የራሱ ፓትርያርክ ታስሮ፣ የራሱ መሬት ተወርሶ፣ የጎረቤቱ በር መታሸግ ግን የተለየ ነገር መሰለው። ፕሮቴስታንቱም በተራው የኦርቶዶክሱን መከራ እንደ መከራ አልቆጠረውም። ወደ ዝዋይ ደግሞ ተመልከቱ። በዚያው ዘመን አቡነ ጎርጎርዮስ፣ የሸዋው ሊቀ ጳጳስ፣ በሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም ካህናትን ያሠለጥኑ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንም በክረምት እየሰበሰቡ ያስተምሩ ነበር። ማርክሲዝም የግድ ትምህርት በሆነበት አገር እንደዚያ ማድረግ ቀላል አልነበረም። ጳጳሱ በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ አረፉ፤ ተማሪዎቹ በ1983 ብላቴ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ሲገቡ እዚያም ዛፍ ሥር ይጸልዩ ነበር፤ ከእነሱ መሐል ማኅበረ ቅዱሳን ወጣ። ናዝሬት ሳሎን ውስጥ በሹክሹክታ የሚዘምሩትና ዝዋይ ላይ ሰዓታት የሚቆሙት ወጣቶች ርቀታቸው ከመቶ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። አንዱ ስለ ሌላው መጸለዩን የሚናገር ነገር አላነበብኩም።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ደርግ አቡነ ቴዎፍሎስን ገደለ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው ወር ሐምሌ 21 ቀን ተወስደው ተገደሉ፤ ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። የሁለቱ አባቶች አጽም በ1984 ዓ.ም. ተቆፍሮ ሲወጣ የተገኘው በአንድ ቦታ ነው፤ አዲስ አበባ፣ በራስ አሥራተ ካሣ ግቢ። ፓትርያርኩ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ተቀበሩ። ለእሳቸው ኦርቶዶክሱ ያስባል፣ ለቄስ ጉዲና ፕሮቴስታንቱ ያስባል። ገዳዩ ግን አንድ ጉድጓድ መርጦላቸው ነበር።

ይህን ስል ያለፈ ታሪክ ብቻ እያወራሁ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ፣ በዚሁ በስምጥ ሸለቆ መንገድ ላይ ባሉ ከተሞች፣ ሻሸመኔንና ዝዋይን ጨምሮ፣ ቤት ሲቃጠል ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው የሸሸው። ክርስቲያን ጎረቤታቸውን የሸሸጉ ሙስሊሞች እንደነበሩም በጊዜው ተነግሯል። ያን ሌሊት ግቢው ውስጥ ጸሎቱ የሁሉም ነው፤ ማን ከየትኛው ማኅበር ነው ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ሲነጋ ግን እያንዳንዱ የራሱን ሟች ብቻ ቆጠረ። አሁንም ያንኑ እያደረግን ነው።

መጽሐፈ ቄድር በኦርቶዶክስ አጥቢያዎች ዛሬም ይደገማል። በ1983 ዓ.ም. በሮች ሲከፈቱ በፕሮቴስታንቱ በኩል ለተመላሹ ምን ዓይነት ሥርዓት እንደተደረገ በየአጥቢያው የሚለያይ ይመስለኛል፤ አንዳንዱ እጅ ጭኖ ጸልዮ ይሆናል፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ወንበር አሳይቶ። በዚያ ክረምት ናዝሬት ውስጥ፣ አሥር ዓመት ሹክሹክታ የለመደው ጉባኤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲዘምር፣ ዘግይቶ ገብቶ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው አይጠፋም ነበር ብዬ አስባለሁ። ከፊቱ የተቀመጠችው ሴት ምናልባት ስሙን አሳልፎ የሰጠባት ልትሆን ትችላለች። ዞራ አይታው ይሆን?